ጭስ ያለው ውስኪ በስንት ይቀመሳል? ከአይላ ደሴት እስከ ጓሳ

የብላክ ሌብል ደንበኛ የሆነ ሰው መጠጡን ከዋጠ በኋላ ጉሮሮው ላይ የሚቀረውን ቀጭን የጭስ ሽታ ያውቀዋል። ከየት እንደመጣ ግን እምብዛም አይጠይቅም። ሽታው የሚመጣው በቅይጡ ውስጥ ከሚገቡት፣ እንደ ካኦል ኢላ ካሉት የስኮትላንድ ደሴት ውስኪዎች ነው። እነዚህ ውስኪዎች ከሌላ ሳይቀየጡ ለብቻቸው ታሽገው ሲቀርቡ «ሲንግል ሞልት» ይባላሉ። ስማቸው ከውድ ዋጋ ጋር ተያይዞ ስለሚነሳም ብዙ ገዢ ሳይጠይቅ ያልፋቸዋል። ይሁንና ጭስ ካላቸው ሲንግል ሞልቶች መካከል ዋጋቸው መካከለኛ የሆኑ አሉ። የሚገርመው ደግሞ ርካሽ የመሆናቸው ምክንያት ለጣዕማቸው ጉዳት ሳይሆን ጥቅም መሆኑ ነው።

ነገሩን ለመረዳት በቅድሚያ ስሙን መፍታት ያሻል። ሲንግል ሞልት ማለት በአንድ ፋብሪካ ብቻ፣ ከገብስ ብቅል ብቻ፣ በድስት መሰል ማውጫ የተሠራ ውስኪ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የብሪታንያ ደንብ እንደሚያዘው፣ የስኮች ስም የሚሰጠው መጠጥ በስኮትላንድ ውስጥ ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ እንጨት በርሜል መቆየትና ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ የአልኮል መጠኑ ከ40 በመቶ አለማነስ አለበት። ጭሱ የሚገባው ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ገና ብቅሉ ሲደርቅ ነው። እርጥቡ ብቅል ወንፊት በመሰለ ወለል ላይ ይሰጣል፤ ከሥሩ «ፒት» የሚባል ነገር ይጨሳል። ፒት ረግረግ ውስጥ ለሺህ ዓመታት የተከማቸ፣ ሳይበሰብስ የጠቆረ የሣር፣ የሽበትና የቁጥቋጦ ክምር ሲሆን፣ እንደ ጡብ ተቆርጦና በፀሐይ ደርቆ ይነድዳል። በጭሱ ውስጥ ያለው ፌኖል የተባለ ንጥረ ነገር ከብቅሉ ላይ ይጣበቅና፣ ጥንስሱንና እሳቱን ሁሉ አልፎ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል።

ስኮትላንዳውያን ይህን ያደረጉት ለጣዕም ብለው አልነበረም። አይላን የመሳሰሉ ደሴቶች ዛፍ እምብዛም የላቸውም። ነፋሱ ብርቱ፣ አየሩ ቀዝቃዛ፣ አፈሩ ረግረግ ነው። ማገዶ ሲጠፋ የሚነድደው የተገኘው ነው። ዛሬ የዓለም ጠጪ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍልበት ሽታ የጀመረው በማገዶ እጦት ነው።

ይህ አባባል ለመንዝ ሰው እንግዳ አይሆንም።

የማገዶ ነገር በጓሳ

ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር አድርጎ ወደ መሐል ሜዳ የሚያቀና መንገደኛ ከአንድ ቦታ በኋላ ዛፍ እየራቀው ይሄዳል። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የሣር ምድር ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ይህ ሥፍራ እስከ ዛሬ የቆየው አካባቢው ራሱ ባወጣው ሕግ ነው። ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የአስቦና የጌራ ዘሮች «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሣሩን በጋራ ይጠብቁ ነበር። መሬቱ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈት ለክዳንና ለገመድ የሚሆነው ጓሳ ይታጨዳል፣ ማገዶ ይለቀማል፣ ከብት ይሰማራል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የቀድሞውን የርስት ሥርዓት ሲያፈርስ ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ጥበቃው ግን በማኅበረሰቡ መተዳደሪያ ደንብና ኮሚቴ አማካይነት ቀጥሏል።

ጓሳም ረግረግ አለው። የስኮትላንድን ፒት ከሠሩት ቁጥቋጦዎች አንዱ ከሚመደብበት ቤተሰብ የሆነው አስታም በጓሳ ይበቅላል። ይህን የሰማ ባለሀብት «ታዲያ የጓሳን ረግረግ ቆርጠን ብናጨስበትስ?» ብሎ እንዳይነሳ ከወዲሁ መልሱን ማወቅ ይበጀዋል። ፒት በዓመት የሚያድገው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አንድ ክንድ ውፍረት ያለው ፒት ብዙ መቶ ዓመታት የፈጀ ነው። ከዚህም በላይ ረግረጉ ከሥሩ ላሉት ምንጮች ውኃ የሚያጠራቅም ስፖንጅ ነው። ምንጮቹን ለጥቂት በርሜል ጭስ መሸጥ በማንኛውም ሒሳብ ኪሣራ ነው።

የመንዝ ቤት ማገዶ በአብዛኛው ኩበት ነው፤ ባሕር ዛፍ የተከለ ደግሞ ቅጠሉንና ጭራሮውን ይጨምራል። ኩበት በምድጃ ውስጥ ሲነድድ ለገብሱ ማሳ መዋል የነበረበት ፍግ አብሮ ይነድዳል። ይህ ለአረቄ ንግድ ዋጋ ትልቅ ትርጉም ያለው ጉዳይ ሲሆን፣ የደላላ ሒሳብ ውስጥ ሲገባ ግን አይታይም።

አረቄ የሚወጣው እንደሚታወቀው ከጌሾ፣ ከብቅልና ከእህል ቂጣ ከተዘጋጀ ድፍድፍ ነው። ድፍድፉ ለቀናት ፈልቶ ሲበስል በማሰሮ ወይም በበርሜል ተጥዶ ይነድድበታል፤ እንፋሎቱ በመቃ ተጉዞ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ይጠራቀማል። የመጀመሪያው ተራ አረቄ ይባላል። ይኸው ተመልሶ ተጥዶ እንደገና ሲወጣ ዳግም አረቄ ይሆናል፤ ጥንካሬውም 45 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ስኮትላንዳውያንም ሁለት ጊዜ ነው የሚያወጡት፤ በዚህ ረገድ በእንስራና በመዳብ ማውጫ መካከል የመርህ ልዩነት የለም። ልዩነቱ የሚመጣው ከበርሜሉና ከጊዜው ነው። ሁለት ጊዜ ማውጣት ግን ሁለት ጊዜ ማንደድ ነው። በአርሲ ነገሌ የአረቄ ንግድ በሙነሳ ደን ላይ ያደረሰውን ጫና ያየ ሰው የመንዝ ኩበት ጉዳይ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከፍታው አንድ እፎይታ ይሰጣል፤ በ3,300 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ89 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ ድፍድፉም ከቆላው ቀደም ብሎ ይተንናል። ማቀዝቀዣ ውኃም ከምንጩ በረዶ ሆኖ ይመጣል።

ጭሱስ? በኢትዮጵያ ቤት ውስጥ የሚዘጋጅ ብቅል በፀሐይ እንጂ በእሳት አይደርቅም። በሀገራችን የሚታጠነው ብቅሉ ሳይሆን ዕቃው ነው። ጋኑና እንስራው በጌሾ ግንድና በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ጭሱም ወደ ጠላው ይገባል። ጥንስሱ የታጠነ ዕቃ ውስጥ ከፈላ ጥቂቱ ፌኖል ከእንፋሎቱ ጋር ወጥቶ አረቄው ላይ ይደርሳል። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ዘዴው አንድ ነው። የታጠነ ጠላ ጠጥቶ ያደገ ሰው ለአይላ ውስኪ ባይተዋር አይሆንም፤ እንዲያውም ከእንግሊዝ ከተሜ ይልቅ ይቀርበዋል።

ሲቀመስ

የጭሱ መጠን የሚለካው በብቅሉ ላይ ነው፤ ከሚሊዮን እጅ ስንት እጁ ፌኖል ነው በሚል ይቆጠራል። ለማነጻጸር ያህል የአርድሞር ብቅል 12 ገደማ፣ የቦውሞር 25፣ የላጋቩሊን 35፣ የላፍሮይግ ከ40 በላይ፣ የአርድቤግ 55 ይደርሳል። ኦክቶሞር የሚባለው ከ100 አልፎ ይሄዳል። ቁጥሩ የብቅሉ እንጂ የጠርሙሱ አይደለም፤ በማውጣቱ ሥራና በበርሜል ቆይታው ብዙው ይቀንሳል። ስለዚህ ቁጥር እያየ የሚገዛ ሰው የሚገዛው ማስታወቂያ ነው።

ለጀማሪ ገዢ ተስማሚ የሆኑት ሦስት ናቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1898 በተቋቋመው የአርድሞር ፋብሪካ የሚሠራው ሌጋሲ ሲሆን፣ ደረቅና ለስለስ ያለ የእንጨት ጭስ፣ ከሥሩም ማር አለው። ሁለተኛው የ12 ዓመቱ ቦውሞር ነው፤ ጭሱ መካከለኛ፣ ከሎሚ ልጣጭ ጋር የተቀላቀለ ነው። ሦስተኛው የ10 ዓመቱ ላፍሮይግ ነው። ይህኛው እንግዳን ያስደነግጣል። መጀመሪያ የሚሸተው አዮዲንና የቁስል ፋሻ ነው፤ ክሊኒክ የገባ ይመስላል። ቀጥሎ የባሕር ጨው፣ አዲስ የፈሰሰ አስፋልት፣ በመጨረሻም ጣፋጭነት ይመጣል። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ቀን ጠልቶት በሦስተኛው ቀን ይመለስበታል፤ ጨርሶ ያልተመለሰበትም አለ፤ አያስፈርድም።

መቅመሻው አፉ የጠበበ ብርጭቆ ነው። ብርሌ አንገቷ የጠበበው በዋዛ አይደለም፤ ሽታን ታጠራቅማለች። በረዶ አይጨመርም፤ ቅዝቃዜ ሽታን ይገድላልና። በጓሳ ማለዳ ደግሞ ውስኪው ራሱ ቀዝቅዞ ስለሚገኝ ብርጭቆውን በመዳፍ አቅፎ ጥቂት ማቆየት ያስፈልጋል። አፍንጫ ከብርጭቆው ራቅ ብሎ፣ አፍ ገርበብ ብሎ ይሸተታል። የመጀመሪያው ጉንጭ ለምላስ ሰላምታ ነው፤ ፍርድ የሚሰጠው በሁለተኛው ነው። ከዚያ ጥቂት ጠብታ ውኃ ይጨመርና እንደገና ይሸተታል፤ ጭሱ ይከፈታል፣ ከሥሩ ያለው የብቅል ጣፋጭነት ብቅ ይላል። መጥፎ የጭስ ውስኪ ከተዋጠ በኋላ አመድ ብቻ ጥሎ ይሄዳል። ጥሩው ጭሱ ሲበርድ የገብስ ቆሎ ጣዕም ይተዋል። የመንዝን ቆሎ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመለየት መምህር አያሻውም።

ርካሽነቱን በሚመለከት ምሥጢሩ ዕድሜው ላይ ነው። ጭስ ከዓመት ዓመት ይደበዝዛል። ስለዚህ ወጣት ውስኪ ከሽማግሌው ይልቅ ጭሱ ብርቱ ነው። ጭስ የሌለው ወጣት ውስኪ ጥሬነቱ ወዲያው ይታወቅበታል፤ ጭስ ያለው ግን ጥሬነቱ ይሸፈንለታል። ጠርሙሱ ላይ ዕድሜው ያልተጻፈ የጭስ ውስኪ መግዛት በዚህ ምክንያት ያን ያህል ሞኝነት አይደለም። ጭስ ለሌለው ግን ይኸው ምክር አይሠራም።

ዋጋው የት ይወጣል?

በብሪታንያ ሱቆች እነዚህ ጠርሙሶች በአብዛኛው ከ30 እስከ 45 ፓውንድ ባለው ውስጥ ይገኛሉ። 35 ፓውንድ የሚሸጥ 700 ሚሊ ሊትር፣ 40 በመቶ ጠርሙስ ቢወሰድ፣ 5 ፓውንድ ከ83 የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። በንጹሕ አልኮል ሊትር ከ30 ፓውንድ በላይ የሆነው የመንግሥት ቀረጥ ደግሞ ከአንድ ጠርሙስ 9 ፓውንድ ያህል ይወስዳል። የሚተርፈው 20 ፓውንድ ገደማ ሲሆን፣ የቸርቻሪው ትርፍ ገና አልወጣለትም። ለውጭ ገበያ ሲላክ ሁለቱም ግብሮች አይከፈሉም። አስመጪው ድርድሩን መጀመር ያለበት ከሱቁ ዋጋ ሳይሆን ከዚህ ነው።

ኢትዮጵያ ሲደርስ ሌላ ደረጃ ይጀምራል። ዕቃው ወደብ እስኪደርስ የወጣበት ዋጋ 100 ብር ቢሆን፣ 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ሲታከልበት 135 ይሆናል። በዚህ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲሰላ 155 ብር ከ25፣ በዚያ ድምር ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲጨመር 170 ብር ከ78 ሳንቲም ይደርሳል። ይህ ኤክሳይዝ ታክስና ሌሎች መዋጮዎች ሳይቆጠሩ ነው። ኤክሳይዙ የሚታሰበው ከቀረጡ ቀጥሎ በመሆኑ ከሱ በኋላ ያሉትን ሁሉ ያሳብጣቸዋል፤ ታክስ በታክስ ላይ ይወልዳል።

የምንዛሪው ነገር ደግሞ አለ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት ባንኮች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቅዱላቸው ካገዳቸው 38 የዕቃ ዓይነቶች ውስጥ አልኮል መጠጦች ነበሩበት። እገዳው የተነሳው ምንዛሪው ለገበያ በተለቀቀበት በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በሩ ተከፈተ፤ የመግቢያው ዋጋም አብሮ ናረ።

ታዲያ እዚሁ ማውጣት አይቻልም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ደብረ ብርሃን የገብስ ከተማ ሆናለች። የሐበሻና የዳሸን ቢራ ፋብሪካዎች አሉባት፤ የቤልጅጉ ቡርትሞልትም የብቅል ፋብሪካውን የተከለው እዚያ ነው። በሀገር ውስጥ ያሉ የአረቄ ፋብሪካዎች ግን በአመዛኙ የሚሠሩት ከስኳር ተረፈ ምርት ከሞላሰስ በሚገኝ አልኮል ነው። ከሞላሰስ ጥሩ ጂን ይወጣ ይሆናል፤ ሲንግል ሞልት ግን አይወጣም።

የገብሱ ሒሳብ ሲሠራ አንድ ነገር ያስደንቃል። ከአንድ ኩንታል ብቅል 40 ሊትር ያህል ንጹሕ አልኮል ይገኛል፤ ይህም በ40 በመቶ ሲመጠን 100 ሊትር ውስኪ ነው። በበርሜል ውስጥ በዓመት 2 በመቶ ቢተንን፣ ከ3 ዓመት በኋላ 94 ሊትር ይቀራል፤ ማለትም 134 ጠርሙስ። ለአንድ ኩንታል ብቅል 125 ኪሎ ገብስ ቢፈጅ፣ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ገብስ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ «የውስኪ ፋብሪካ ቢቆም የመንዝ ገበሬ ይበለጽጋል» የሚለው ወሬ በቁጥር አይደገፍም። የጠርሙሱ ዋጋ የተሠራው ከእንጨት፣ ከጊዜ፣ ከግብርና ከስም ነው።

ከእነዚህ ከባዱ ጊዜው ነው። በ16 በመቶ ወለድ የተበደረ ነጋዴ ዛሬ በርሜል ውስጥ የቆለፈው 100 ብር ከ3 ዓመት በኋላ 156 ብር፣ ከ10 ዓመት በኋላ 441 ብር ዕዳ ይሆንበታል፤ በርሜሉ ውስጥ ያለው ደግሞ በዚሁ 10 ዓመት ከ100 ሊትር ወደ 82 ዝቅ ይላል። ዕዳው ሲያድግ ዕቃው ይቀንሳል። ስኮትላንዳዊው ይህን የቻለው ወለዱ ዝቅተኛ፣ በርሜሉም በባንክ ዘንድ እንደ መያዣ የሚቆጠር በመሆኑ ነው። እዚህ አንድም ጊዜ ሳይቆይ የሚሸጠው ዳግም አረቄ ለካፒታል አጭሩ መንገድ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። አውጪዋ ሴት በዚህ ሳምንት የጠነሰሰችውን በሚቀጥለው ትሸጣለች፤ አተላውም ለከብት ይተርፋል።

በዚህ አጭር መንገድ ላይ ግን አንድ የተረሳ ቀዳዳ አለ፤ እሱም ልኬቱ ነው። አረቄ ገዢዎች በልማድ ጥንካሬን የሚፈትኑት ክብሪት በመጫር ነው። 40 በመቶ የሆነ መጠጥ በራሱ እሳት የሚይዘው ሙቀቱ 26 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ስለዚህ በመሐል ሜዳ ብርድ አልነድድ ያለው አረቄ ቆላ ወርዶ ይንቦገቦጋል። መርዘኛው ሜታኖልም ይነድዳል፤ እሳቱ አያጋልጠውም። ከእህል በሚወጣ አረቄ ሜታኖል አነስተኛ ነው፤ አደጋው የሚመጣው የፋብሪካ አልኮል የቀላቀለ ሰው ሲገኝ ነው። ሰማያዊ ነበልባል ለዚያ ምስክር አይሆንም።

በመስታወት አልኮል መለኪያ የሚገዛው ደላላም ቢሆን ፍጹም አይደለም። መለኪያው የተሠራው ለ20 ዲግሪ ሙቀት ነው። አረቄው ሲቀዘቅዝ ይከብዳል፤ መለኪያውም ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያነባል። 10 ዲግሪ ላይ ያለ የ45 በመቶ ዳግም አረቄ 41 ገደማ ሆኖ ይታያል። በጥንካሬ ተለክቶ በሚገዛበት ቦታ በማለዳ ብርድ በ41 ዋጋ የተገዛው ጀሪካን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ሲለካ ወደ 45 ይጠጋል። ማንም አላጭበረበረም፤ አራቱ ነጥብ ግን ከአውጪዋ እጅ ወጥቶ ገዢው ዘንድ ገብቷል። ኪሣራውን ለማስቀረት የሚያስፈልገው አንድ ቴርሞሜትርና መለኪያው ሲገዛ የሚሰጠው የማስተካከያ ሠንጠረዥ ነው፤ ሁለቱም ካልተገኙ ጀሪካኑን ከምድጃው አጠገብ አስቀምጦ፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል መለካት ይቻላል።